የወጥ ቤት ካቢኔት ልክ፦ ከመለካት እስከ መግጠም

የወጥ ቤት ካቢኔት ሊያሠራ ወደ እንጨት ቤት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይዞት የሚሄደው ከስልኩ ላይ ያወጣውን አንድ ፎቶግራፍና የግድግዳውን ርዝመት ብቻ ነው። አናጺው «የታቹ 85 በ60፣ የላዩ 70 በ30፤ ስታንዳርድ ነው» ብሎ ይጽፋል፣ ቀብድ ይከፈላል፣ ሥራው ይጀመራል። ልኩ በራሱ ስሕተት የለበትም። ሆኖም ይህ ልክ ምግብ የሚያበስለው ሰው ቁመት ስንት እንደሆነ፣ የእንጀራ ምጣዱ የት እንደሚቀመጥ፣ ጀሪካኑ ከየትኛው ጥግ እንደሚገባ አያውቅም። ስለዚህ ከዚህ በታች የተለመዱትን ልኮች ከነምክንያታቸው አስቀምጣለሁ፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው የትኛውን ልክ ለቤቱ ሲል መለወጥ እንደሚችል፣ የትኛውን ደግሞ እንዳለ መተው እንደሚሻለው ራሱ ሊወስን ይችላልና። በጽሑፉ ውስጥ «ወርድ» የምለው ከግራ ወደ ቀኝ ያለውን፣ «ጥልቀት» የምለው ከፊት ወደ ግድግዳው ያለውን፣ «ቁመት» የምለው ከታች ወደ ላይ ያለውን ልክ ነው፤ መለኪያው ያልተጠቀሰበት ልክም በሴንቲ ሜትር ነው።

1. ከግድግዳው በፊት ዕቃውን ይለኩ

ሜትሩን ይዘው መጀመሪያ መሄድ ያለብዎት ወደ ግድግዳው ሳይሆን ወደ ዕቃው ነው። ማቀዝቀዣውን፣ ምድጃውን፣ የዕቃ ማጠቢያ ሲንኩን፣ ምጣዱን፣ የጋዝ ሲሊንደሩን፣ የቡሆ ዕቃውን፣ ትልቁን ድስትና ትልቁን ትሪ አንድ በአንድ ለክተው ይጻፉ። ማቀዝቀዣ በብዛት 60 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ሲሆን፣ ባለ ሁለት በር የሆነው 90 አካባቢ ይደርሳል፤ ጀርባውና ጎኑ ሙቀት ስለሚያስወጣ በየጎኑ ቢያንስ 3፣ ቢቻል 5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። በእግሩ የሚቆም ምድጃ ወርዱ 50፣ 60 ወይም 90 ሲሆን ቁመቱ ብዙውን ጊዜ 85 ነው። ይህን 85 ያስታውሱት፤ የታችኛው ካቢኔት ቁመት የሚወሰንበት አንዱ ምክንያት ነውና።

የትሪው ነገር በብዙ ቤት ይረሳል። ተራ የመመገቢያ ሳህን 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው የላይ ካቢኔት ውስጥ በቀላሉ ይገባል፤ እንጀራ የሚቀርብበት ሰፊ ትሪ ግን በየትኛውም የላይ ካቢኔት ውስጥ አይተኛም። ስለዚህ ከታች፣ በቁሙ የሚሰካበት ጠባብ ክፍል አስቀድሞ ሊታሰብለት ይገባል። የኋላ ኋላ ትሪው ከማቀዝቀዣው ጀርባ የሚሰነቀረው ይህ ስለማይታሰብ ነው።

2. ግድግዳውን ካለቀ በኋላ፣ በሦስት ቦታ ይለኩ

አንድ ጊዜ ለራሴ ቤት ስለካ ልስኑ እንዳለቀ አይቼ፣ ሴራሚኩ ገና ሳይለጠፍ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለውን ልክ ወስጄ ለአናጺው ሰጠሁት። ሴራሚኩ ከነማጣበቂያው በየጎኑ ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ በላና ካቢኔቱ በመጣ ቀን አራት ሴንቲ ሜትር ረዝሞ ቦታው ውስጥ አልገባ አለ። አንዱን ሳጥን ፈትተን፣ አጥብበን፣ በሩን እንደገና ቆርጠን፣ ጠርዙን እንደገና ለጠፍን፤ ያ በር ዛሬም ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም። ስለዚህ የመጨረሻው ልክ የሚወሰደው ልስኑም፣ የግድግዳው ሴራሚክም፣ የወለሉ ሴራሚክም ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚወሰደው ልክ ለዋጋ ግምት ብቻ ያገልግል።

ሲለኩ ከወለሉ አጠገብ፣ 90 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ፣ እንዲሁም 200 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ሦስት ጊዜ ይለኩ። ሦስቱ እኩል የሚሆኑበት ቤት እምብዛም አይገኝም። የሚሠራበት ትንሹ ልክ ነው። ማዕዘኑን በስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያ) ይፈትሹ፤ ስኳድራ ከሌለ ከማዕዘኑ በአንዱ ግድግዳ 60፣ በሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ምልክት አድርገው በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ይለኩ፤ ልክ 100 ከሆነ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው፣ ከዚያ ከበለጠ ወደ ውጭ ተከፍቷል፣ ካነሰ ተዘግቷል። ወለሉን ደግሞ በውሃ ልክ ያዩና ከፍ ያለውን ቦታ ምልክት ያድርጉበት፤ የካቢኔቱ ቁመት የሚቆጠረው ከዚያ ከፍ ካለው ነጥብ ነው፣ ዝቅ ያለው በእግሩ ማስተካከያ ይሞላል።

የውሃ መግቢያውና የፍሳሽ መውጫው ከወለልና ከጎን ስንት እንደሚርቅ፣ ሶኬቶቹ የት እንዳሉ፣ መስኮቱ ከወለል ስንት ላይ እንደሚጀምር፣ በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት የት እንደሚደርስ በአንድ ወረቀት ላይ ይሳሉ። ሥዕሉ ማማር አያስፈልገውም፤ ቁጥሩ ግን መነበብ አለበት።

3. የታችኛው ካቢኔት ቁመት

በአውሮፓም በቻይናም በቱርክም ሥራ የተለመደው የታች ካቢኔት ሳጥን ቁመቱ 72 ሴንቲ ሜትር ነው። ከሥሩ 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር እግር፣ ከላዩ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት ወይም ሌላ ገጽ ይጨመርበታል። 10 እና 72 እና 3 ሲደመሩ 85 ይሆናሉ፤ 15 እና 72 እና 3 ደግሞ 90። «ስታንዳርድ» የሚባለው ከ85 እስከ 90 ያለው ቁመት ከዚህ የመጣ ነው። በአሜሪካ ሳጥኑ ከነእግሩ 34.5 ኢንች፣ ማለትም 87.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ፣ ከነገጹ 36 ኢንች ወይም 91.4 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ወርዱም በ3 ኢንች እየጨመረ ይሄዳል። ከዚያ አገር ተገጣጣሚ ካቢኔት በኮንቴይነር የሚያስመጣ ሰው አገር ውስጥ ከሚገዛው 60 ሴንቲ ሜትር ምድጃ ጋር ቁመቱም ወርዱም በትክክል እንደማይገናኝ አስቀድሞ ይወቅ።

በእነዚህ ቁጥሮች መካከል የሚመርጠው የአብሳዩ ክርን ነው። ብዙ ጊዜ የሚያበስለው ሰው ቤት ውስጥ የሚያደርገውን ጫማ አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቁምና ክንዱን አጥፎ ከወለል እስከ ክርኑ ያለው ይለካ። ከዚያ ላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሲቀነስ ሽንኩርት ሲከተፍ ትከሻ የማያስነሣ፣ ወገብም የማያጎብጥ ቁመት ይገኛል። ክርኑ 98 ላይ ላለ ሰው ከ83 እስከ 88 ያለው ይስማማዋል፤ 85 በቂው ነው። ክርኑ 108 ላይ ለሆነ ሰው ግን 85 ዝቅ ያለ ነው፣ ወደ 95 ቢጠጋ አይከፋም። ቁመቱን መለወጥ ሲያስፈልግ የሚለወጠው እግሩ ይሁን እንጂ 72ቱ አይነካ፤ በሩ፣ መሳቢያው፣ የቦርድ አቆራረጡ ሁሉ በ72 ላይ የተመሠረተ ነውና።

በእግሩ የሚቆም ምድጃ ካለ ምርጫው ይጠባል። ምድጃው 85 ሆኖ ግራናይቱ 90 ቢሆን በመካከላቸው የ5 ሴንቲ ሜትር ደረጃ ይፈጠራል፤ ድስት ሲጎተት ይሰናከላል፣ የፈሰሰው ወጥም በዚያ ክፍተት ይወርዳል። የምድጃው እግር በብሎን የሚረዝም ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ማስተካከል ይቻላል።

እግሩ የሚስተካከል ፕላስቲክ ይሁን። የእኛ ቤት ወለል በውሃ የሚታጠብ ነው፤ ሳጥኑ በቀጥታ ወለል ላይ ከተቀመጠ ችፑዱ (ከእንጨት ፍርፋሪ ተጨምቆ የተሠራው ቦርድ) ከሥሩ ውሃ ይመጥና እንደ ዳቦ ያብጣል። እግሮቹ ከፊት ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይግቡ፤ ፊታቸው ዞኮሎ በሚባለው የእግር መሸፈኛ ቁራጭ ይሸፈናል፣ የቆመው ሰውም የጫማው ጫፍ የሚገባበት ቦታ ያገኛል። ይህ ትንሽ ባዶ ቦታ ከሌለ ሰውየው ወደ ኋላ ርቆ ይቆምና ጀርባውን ያጎብጣል።

4. ጥልቀቱና ከቦርዱ ጋር ያለው ሒሳብ

የታችኛው ሳጥን ጥልቀት 56፣ በሩ ሲጨመር 58 ገደማ፣ ግራናይቱ ደግሞ ከ60 እስከ 62 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ግራናይቱ ከበሩ ፊት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል መውጣት አለበት፤ ከሥሩ በኩል ስስ ቦይ ከተቆረጠለት ከላይ የሚፈስ ውሃ በሩ ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ግራናይት ቆራጩ ይህን ቦይ ካልጠየቁት አይሠራውም።

አሁን 56 የተባለበትን ምክንያት በቦርዱ ላይ እንየው። በገበያ በብዛት የሚገኘው ኤምዲኤፍ (ከደቃቅ የእንጨት ጭረት ተጨምቆ የሚሠራ ቦርድ) እና ችፑድ 244 በ122 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ለሳጥን የሚሆነው ውፍረት 16 ወይም 18 ሚሊ ሜትር ነው። መጋዙ በአንድ ቁርጥ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይበላል። ከ122ቱ ሁለት ጊዜ 56 ሲወጣ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይተርፋል፤ ያ ትርፍ የሳጥኑን አናት ከፊትና ከኋላ የሚያያይዙት ሁለት ድጋፎች የሚቆረጡበት ነው። ከ244ቱ ደግሞ ሦስት ጊዜ 72 ወጥቶ 27 ያህል ይተርፋል፣ ከእሱም የመሳቢያ ጎን ይወጣል። በዚህ አቆራረጥ ከአንድ ቦርድ ስድስት ጎን፣ ማለትም የሦስት ሳጥን ጎን ይገኛል። «ሰፋ ይበልልኝ» ብለው ሳጥኑን 62 ቢያስደርጉት ግን ከ122ቱ ሁለተኛው ቁራጭ አይወጣም፣ ቦርዱም በእጥፍ ይፈጃል። ስለዚህ ጥልቀት መጨመር ከፈለጉ ሳጥኑን አይንኩት፤ ሳጥኑን ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት አርቀው ግራናይቱን ያስፉ። ቧንቧና ገመድም በዚያ ክፍተት ያልፋሉ።

የላይ ካቢኔትም እንዲሁ ነው። ከ122ቱ አራት ጊዜ 30 ለጥቂት ይወጣል፤ የቦርዱ ጠርዝ ተጎድቶ መላጥ ካለበት 29.5 ማድረግ ነው። 32 ካሉ ግን ሦስት ብቻ ወጥቶ 25 ሴንቲ ሜትር ይተርፋል። በቁመት በኩል ደግሞ ከ244ቱ 70ም ቢሉ 80ም ቢሉ ሦስት ሦስት ይወጣል፤ 90 ካሉ ሁለት ብቻ። ስለዚህ ጣሪያው ከፈቀደ ከ70 ይልቅ 80 ማሠራት ለጎኖቹ ተጨማሪ ቦርድ ሳያስወጣ አንድ መደርደሪያ ያተርፋል። ይህን ለአናጺው ቢነግሩት አይከፋውም፤ የሚከፋው ቦርዱ ሲቆራረጥበት ነው።

የሲንኩ ሳጥን ውሃ ከማያበላሸው ቦርድ ቢሠራ ጥሩ ነው። እርጥበት የሚቋቋመው ኤምዲኤፍ ብዙውን ጊዜ ውስጡ አረንጓዴ ቀለም አለው፤ ጠርዙን አይቶ መለየት ይቻላል። ካልተገኘ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፐርሳቶ (ፕላይውድ) በደንብ ተቀብቶ ያገለግላል።

5. የምጣዱ ቦታ

በውጭ አገር ካታሎግ ውስጥ የማይገኘው ልክ ይህ ነው፤ ስለሆነም ብዙ አዲስ ወጥ ቤት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ምጣዱ በረንዳ ላይ ወይም መተላለፊያ ውስጥ ይቀመጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላው ብቻውን ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር አለው፤ ከብረት ክፈፉ ጋር ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ግራናይት ላይ ሲቀመጥ ክፈፉ ከፊት ይወጣል፤ 70 በ70 ቦታ ይፈልጋል።

ቁመቱም ሌላ ነው። እንጀራ የሚጋግር ሰው ሊጡን ከዳር ጀምሮ እያዞረ እስከ ማዶው ጠርዝ ድረስ ያፈሳል፣ ስለዚህ ምጣዱን ከላይ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ማየትና እጁን ማሻገር አለበት። 85 ላይ በተቀመጠ ግራናይት ላይ ምጣዱ ሲጨመርበት ገጹ ወደ 100 ይጠጋል፤ ያኔ ሊጥ ለማዞር ክንድ በትኩስ ሸክላ ላይ ያንዣብባል። የምጣዱ ገጽ ከ70 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይመቻል ባይ ነኝ፤ ምጣዱ የራሱ የብረት እግር ካለው ደግሞ ካቢኔቱን እዚያ ጋ አቋርጦ ወለሉን ለምጣዱ መተው ይሻላል።

ከጎኑ ምን ያስፈልጋል? እንጀራው ሲበስል አክምባሎው ይነሣል፣ የሆነ ቦታ ይቀመጣል ወይም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ከዚያ ሰፌዱ ከእንጀራው ሥር ይገባና እንጀራው ተስቦ ይወጣል። ሰፌዱ የእንጀራውን ያህል ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ከምጣዱ በአንዱ በኩል ቢያንስ 65 ሴንቲ ሜትር ክፍት ገጽ ካልተተወ ጋጋሪዋ በየእንጀራው እየዞረች ጠረጴዛ ትፈልጋለች። ከምጣዱ በላይ የላይ ካቢኔት አይሰቀል። በአንድ ዘመዴ ቤት ተሰቅሎ አይቻለሁ፤ አክምባሎው በተነሣ ቁጥር እንፋሎቱ ቀጥ ብሎ ካቢኔቱን ከሥሩ ይመታዋል፣ በአንድ ክረምት ውስጥ የሥረኛው ጠርዝ ሽፋን ተላቀቀና ችፑዱ አብጦ በሩ አልዘጋ አለ። ቦታው መስኮት አጠገብ ቢሆን፣ መስኮት ከሌለም እንፋሎት ማስወጫ ቢገጠምለት መልካም ነው።

ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ ከቆጣሪው ሳጥን ለብቻው የተሳበ መስመርና ለብቻው የሆነ መቆጣጠሪያ ሊኖረው ይገባል። ሶኬቱ ከምጣዱ በላይ ሳይሆን ከጎን፣ እንፋሎት በማያገኘው ቦታ ይሁን፤ ይህንንም ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ይንገሩት።

6. ወርዶቹን በግድግዳው ላይ መደልደል

የሳጥን ወርድ በተለምዶ 30፣ 35፣ 40፣ 45፣ 50፣ 60፣ 80፣ 90 እና 100 ነው። አንድ በር ከ60 በላይ ባይሰፋ ይመረጣል፤ ሲከፈት ቦታ ይበላል፣ በክብደቱም ማጠፊያውን ይጎትታል። ከ60 በላይ ያለው ሳጥን ሁለት በር ይኑረው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ግድግዳው በሦስት ቦታ ተለክቶ 312፣ 310 እና 309 ሴንቲ ሜትር ወጣ እንበል፤ የምንሠራው በ309 ነው። ከግራ ጥግ 60 ሴንቲ ሜትር ወርድ ላለው ማቀዝቀዣ ከነመተንፈሻው 70 እንሰጣለን። ቀጥሎ የውሃው መግቢያ ያለበት ቦታ ስለሆነ 80 የሲንክ ሳጥን፣ ከዚያ 60 ባለ ሦስት መሳቢያ፣ ከዚያ ለምድጃው 61፣ ከዚያ 35 ጠባብ ሳጥን። ድምሩ 306 ነው፤ የቀረው 3 ሴንቲ ሜትር በቀኝ ጥግ በመሙያ ቁራጭ ይሸፈናል። ለ60 ምድጃ 61 የሰጠነው ሊያጸዱት ወጥቶ እንዲገባ ነው። መሙያውም ለጌጥ አይደለም፤ በሩ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ከተሠራ እጀታው ግድግዳውን እየመታ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም።

በዚህ አደላደል በሲንኩና በምድጃው መካከል ያለው የ60 ሴንቲ ሜትር ገጽ መክተፊያ ነው፤ ከዚያ ባያንስ ይሻላል። ከምድጃው በስተቀኝ ያለው 35 ደግሞ የጋለ ድስት ማውረጃ ሆኖ፣ ከሥሩ መደርደሪያ የሌለው በቁም የተከፈለ የትሪ ማስቀመጫ ይሆናል። ምድጃን በቀጥታ ከማቀዝቀዣ ወይም ከግድግዳ ጋር ማጣበቅ አይገባም።

የጋዝ ሲሊንደሩ ካቢኔት ውስጥ የሚገባ ከሆነ ሳጥኑ ከሥሩ ክፍት ቀዳዳ ይኑረው፤ የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ታች ይጠራቀማልና። ሲንኩ ሥር ደግሞ መደርደሪያ አያሠሩ፤ ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ሰው ጀሪካን የሚያስገባው እዚያ ነው።

ጠባብ ወጥ ቤት ላለው ሰው አንድ ሒሳብ ልጨምር። ፊት ለፊት በተሠሩ ሁለት ረድፎች መካከል ከ100 እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ቢተው ሁለት ሰው ይተላለፋል፤ ለአንድ ሰው 90 ይበቃል። ወጥ ቤቱ 180 ወርድ ካለው በአንድ በኩል 60 ሲሠራ 120 ይቀራል፤ በሌላው በኩልም 60 ቢሠራ መተላለፊያው 60 ብቻ ሆኖ የምድጃው በር እንኳ ሲከፈት መቆሚያ አይገኝም። በዚያ በኩል 30 ጥልቀት ያለው ረድፍ ቢሠራ ግን 90 ይተርፋል፣ ቅመማ ቅመሙ፣ ብርጭቆውና ሲኒው ሁሉ እዚያ ይገባል።

በማዕዘን ዞሮ የሚሠራ ከሆነ የማዕዘኑ ሳጥን 90 በ90 ሆኖ በሩ ተጣጣፊ ይሆናል፤ ወይም ወርዱ ከ100 እስከ 110 የሆነ፣ ግማሹ በጎረቤቱ የሚሸፈን ሳጥን ይደረጋል። ሁለተኛው ይረክሳል፤ ቢሆንም ውስጠኛው ጥግ በዓመት አንዴ የሚወጣ ዕቃ መቀበሪያ ይሆናል። በየትኛውም መንገድ በማዕዘኑ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር መሙያ ካልተተወ የአንዱ በኩል መሳቢያ ሲሳብ የሌላውን እጀታ ይመታል።

7. የመቁረጫ ዝርዝሩን መጻፍ

ከላይ ያለውን የ60 ባለ መሳቢያ ሳጥን በ18 ሚሊ ሜትር ቦርድ እንቁረጠው። ጎኖቹ ሁለት፣ 72 በ56። የሥረኛው ወለል በሁለቱ ጎኖች መካከል ስለሚገባ ከ60 ላይ የሁለቱ ውፍረት 3.6 ይቀነሳል፤ 56.4 በ56 ይሆናል። የአናት ድጋፎቹ ሁለት፣ 56.4 በ8። ጀርባው ከ3 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ 71.6 በ59.6 ሆኖ ከኋላ ይመታል።

የመሳቢያዎቹ ፊት ወርዱ 59.6 ነው፤ በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ቀንሰናል፣ በዚህም በጎረቤት በሮች መካከል 4 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። ቁመታቸው 15፣ 28 እና 28 ሲሆን በመካከላቸው ሁለት የ3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲጨመር 71.6 ይሞላል። ውስጠኛው የመሳቢያ ሳጥን ደግሞ ከውስጥ ወርዱ 56.4 ላይ 2.6 ተቀንሶ 53.8 ይሠራል፤ የተለመደው ባለ ኳስ ተንሸራታች ሐዲድ በየጎኑ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚይዝ ነው። ይህ ቁጥር ይቅርታ አያውቅም፦ መሳቢያው ሁለት ሚሊ ሜትር ከሰፋ አይገባም፣ ከጠበበ ይንገጫገጫል። ስለዚህ ሐዲዱ ተገዝቶ ውፍረቱ ከተለካ በኋላ ብቻ የመሳቢያው ሳጥን ይቆረጥ። ለ56 ጥልቀት የሐዲዱ ርዝመት 50 ይሁን።

በተመሳሳይ ሒሳብ የ80ው የሲንክ ሳጥን ሁለት በሮች እያንዳንዳቸው 39.6 በ71.6 ይሆናሉ። በመደርደሪያ በኩል ከውስጥ ወርድ 2 ሚሊ ሜትር ቀንሶ፣ ከፊትም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገብቶ መቁረጥ ነው።

በተቆረጠው ቦርድ ጠርዝ ላይ የሚለጠፈውን የጠርዝ ባንድ ውፍረት አይርሱ። ቀጭኑ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ ቸል ይባላል፤ ባለ 1 ሚሊ ሜትሩ ግን አራቱም ጠርዝ ላይ ሲለጠፍ በሩን በወርድም በቁመትም 2 ሚሊ ሜትር ያሳድገዋል። ስለዚህ 59.6 የሚፈለግ በር 59.4 ተቆርጦ ይለጠፍበታል። በዝርዝሩ ላይ «የተጻፈው ልክ ባንድ ሳይለጠፍ ነው» ወይም «ከተለጠፈ በኋላ ነው» ብለው በግልጽ ይጻፉ፤ ቆራጩና አናጺው የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ ጠቡ የሚነሣው ከዚህ ነው። ቦርዱ የእንጨት መስመር ያለው ከሆነ ደግሞ መስመሩ በቁመት መሄዱን በቀስት ያመልክቱ።

ለማጠፊያ የሚቆፈረው ቀዳዳ 35 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር አለው። እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ቁመት ላለው በር ሁለት ማጠፊያ፣ እስከ 160 ላለው ሦስት፣ እስከ 200 ላለው አራት ይበቃል፤ የላይኛውና የታችኛው ከበሩ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይግቡ።

ዋጋ ሲነጋገሩም ልኩ በምን እንደሚቆጠር ይጠይቁ። አንዱ በሜትር ርዝመት፣ ሌላው በካሬ ይቆጥራል፤ በካሬ ሲቆጥር የምድጃውና የማቀዝቀዣው ባዶ ቦታ፣ ዞኮሎውና የጎን መሸፈኛው ይታሰብ አይታሰብ ከቀብዱ በፊት ይጻፍ።

8. የላይኛውን መስቀል

የላይ ካቢኔት ሥሩ ከግራናይቱ ገጽ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ግራናይቱ 85 ላይ ከሆነና 55 ቢተው ሥሩ 140 ላይ ይውላል፤ 70 ቁመት ያለው ሳጥን አናቱ 210፣ 80 ያለው 220 ይደርሳል። አጠር ያለ ሰው ካለ 50 ይሁን፤ ከ45 በታች ግን የተቀመጠ ማሰሮ እንኳ ማንሣት ያስቸግራል። ከጋዝ ምድጃ በላይ ያለው ጭስ ማስወጫ ከ65 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ የየፋብሪካው መመሪያ የሚለው ካለ እሱ ይቅደም።

ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ ያድርጉት። አብዛኛው የአዲስ ቤት ክፍልፋይ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው፤ ተራ ፊሸር (ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) ባዶው ላይ ከወደቀ ሳህን የሞላ ካቢኔት አይሸከምም። የሚሻለው ግድግዳውን ሙሉ የሚሄድ ጣውላ ወይም የብረት ሐዲድ በብዙ ቦታ ማሰርና ካቢኔቶቹን እሱ ላይ መስቀል ነው፤ ጂፕሰም ከሆነ ግን ሐዲዱ ከውስጥ ያለውን የብረት ምሰሶ ማግኘት አለበት።

ቅደም ተከተሉም ልብ ይባል። መጀመሪያ የላዩ ይሰቀላል፣ ምክንያቱም ታቹ ባዶ ሲሆን ሠራተኛው ቀርቦ ይቆማል። ቀጥሎ የታቹ ከፍ ካለው የወለል ነጥብ ጀምሮ በውሃ ልክ እየተስተካከለ ይቆማል፣ ጎን ለጎን ያሉት በብሎን ይያያዛሉ። ግራናይት ቆራጩ ልክ የሚወስደው ከዚህ በኋላ ነው፤ በሥዕል ላይ ባለ ልክ የተቆረጠ ግራናይት ግድግዳው ጠማማ መሆኑን የሚያውቀው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ሲንኩን ለቀዳዳው ማስለኪያ አብረው ይስጡት። ግራናይቱ ተቀምጦ ከግድግዳው ጋር ያለው መስመር በሲሊኮን ከተዘጋ፣ በሮቹ ይገጠሙና በማጠፊያው ላይ ባሉት ብሎኖች እየተጠበቁና እየላሉ በመካከላቸው ያለው መስመር እኩል እስኪሆን ይስተካከላሉ። የመጨረሻው ሥራ ሲንኩን እስከ አፉ ሞልቶ በአንድ ጊዜ መልቀቅና ከሥሩ በደረቅ ጨርቅ እያንዳንዱን መጋጠሚያ መዳሰስ ነው። ጨርቁ ከረጠበ፣ ዞኮሎው ሳይመታ በፊት ቧንቧ ሠራተኛው ይመለስ።